ጥርስ ያለውና ጥርስ የሌለው ጎማ

ስለ ጎማ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ ትሉ ይሆናል። እኛ ጎማን የምናውቀው ጎሚስታ ቤት ነው፤ ሲተነፍስ ይለጠፋል፣ ይሞላል፣ ሂሳብ ተከፍሎ ይኬዳል። ስሙን እንኳ ከጣሊያን ነው የተቀበልነው፤ ጎማውም፣ ጎሚስታውም፣ ቸርኬውም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። አርጅቶ ሲጣል ደግሞ መርካቶ ይገባና በረባሶ ሆኖ በሰው እግር ሌላ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚህ ወዲያ ታሪክ ያለው አይመስልም። ግን አለው። ሰው የሞተበትና የዓለም ሻምፒዮና የተወሰነበት ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚዞረውም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ በደረቅ መንገድ ግጥም አድርጎ የሚይዝ ጎማ በእርጥብ መንገድ ለምን ይከዳል? (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አሳብ ላፍርስ። አብዛኞቻችን ጎማ መንገድ የሚይዘው በጥርሱ ይመስለናል። ልክ እንደ በሬ ኮቴ ጥርሱ መሬቱን ነክሶ የሚይዝ አድርገን ነው የምናስበው። ጭቃ ላይ ከሆነ እውነት ነው። አስፋልት ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚይዘው ጎማ ጥርስ የሚባል ነገር የሌለው፣ እንደ ተላጨ ራስ የለሰለሰ ጎማ ነው። የእሽቅድምድም ሰዎች «ስሊክ» ይሉታል። ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይገባል፤ መሬት የሚነካው ላስቲክ በበዛ ቁጥር መያዙም ይበዛል። በጎማው ላይ ቦይ በቆፈራችሁ ቁጥር ግን ከሚይዘው ላስቲክ ላይ ቆርሳችሁ መጣላችሁ ነው። ታዲያ ቦዩ ምን ሊያደርግ ተቆፈረ? ለውሃ ነዋ! ውሃው ከጎማውና ከመንገዱ መካከል ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ ሊሆን ነው የተቆፈረው። እንግዲህ ጎማ መምረጥ ማለት «ስንት ላስቲክ ለፀሐዩ፣ ስንት ቦይ ለዝናቡ?» ብሎ ማካፈል ማለት ነው። ለአንዱ የሰጣችሁትን ከሌላው ነው የምትወስዱት።

ይህ ግን ከመጀመሪያው የታወቀ ነገር አልነበረም። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር አግሎ ሙቀት የማያቀልጠው፣ ብርድ የማይሰብረው ያደረገው ስለ መኪና አስቦ አይደለም፤ መኪና ገና አልተወለደም። (ሰውዬው በ1860 የሞተው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ሌሎች ያቋቋሙት ነው።) ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን በ1845 በነፋስ ለተሞላ ጎማ የፈጠራ መብት ወሰደ፤ የሚፈልገው ስላጣ ተረሳ። በ1888 ደግሞ ጆን ዳንሎፕ ቤልፋስት ላይ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ፈጠረው። በ1895 የሚሽላን ወንድማማቾች በነፋስ ጎማ የሚሄድ መኪና ይዘው ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ ተወዳደሩ። መንገድ ላይ 22 ከመነዳሪ ጨረሱ። አላሸነፉም፤ ነገር ግን መኪና በነፋስ ላይ ተቀምጦ መሄድ እንደሚችል አሳዩ።

የእነዚያ ዘመን ጎማዎች ለስላሶች ነበሩ፤ ማንም አስቦበት ሳይሆን ላስቲክ ሲሠራ በተፈጥሮው ለስላሳ ስለሚወጣ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ታዲያ መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። መፍትሔ ተብሎ ምን ያልተሞከረ ነገር አለ! ጎማውን ቆዳ አልብሰው ቆዳው ላይ የብረት ምስማር የተከሉ ነበሩ። ጀርመኖቹ ኮንቲኔንታሎች በ1904 ጥርስ ያለው የመኪና ጎማ አወጡ። በጣም የሚያስቀኝ ግን የፋየርስቶን ነው። በ1908 ያወጡት ጎማ ጥርሱ ፊደል ነበር። «ፋየርስቶን» እና «ኖን ስኪድ»፣ ማለትም «የማይንሸራተት»፣ የሚሉትን ቃላት በላስቲኩ ላይ ደጋግመው በትልልቅ ፊደል ቀረጹና ፊደሎቹ ራሳቸው ጥርስ ሆኑ። መኪናው ለስላሳ አፈር ላይ ባለፈ ቁጥር ማስታወቂያውን መሬት ላይ እያተመ ይሄድ ነበር ማለት ነው። የዘመኑ ነጋዴዎች ይህን ቢያዩ እንዴት በቀኑ!

በነገራችን ላይ ጎማ ጥቁር አልነበረም። የላስቲኩ የተፈጥሮ መልክ ወደ ነጭነት ያደላ ነው። ጥቁር የሆነው ከ1910ዎቹ ወዲህ ጥላሸት ሲቀላቀልበት ነው፤ ጥላሸቱ ላስቲኩን ቶሎ እንዳያልቅ አጠነከረው። ከዚያ በፊት የነበረው ነጭ ጎማ ደግሞ ንጹሕ የሚመስለው ለዓይን ብቻ ነው። ከላስቲኩ ምንጮች አንዱ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ እንደ ግል ርስቱ የያዘው ኮንጎ ነበር። እስከ 1908 ድረስ የተወሰነለትን ላስቲክ ያላመጣ መንደርተኛ ይገረፍ፣ ይገደል፣ እጁም ይቆረጥ ነበር። የጎማን ታሪክ እያወራሁ ይህን ባልል ቅር ይለኛል። ወደ ውሃው ልመለስ።

የውሃውን ምሥጢር በቁጥር ያስቀመጡት የመኪና ሰዎች አልነበሩም፤ የአውሮፕላን ሰዎች ነበሩ። ጄቶች ዝናብ በዘነበበት ሜዳ ሲያርፉ ፍሬን አልይዝ እያላቸው ከሜዳው ይወጡ ጀመር። ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው የናሳ ላንግሌይ ምርምር ማዕከል ዋልተር ሆርን የተባለ ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን አጠና፤ ጽሑፋቸው በ1963 ወጣ። ያገኙት ነገር ለሰሚው ይከብዳል። ጎማ በውሃ ላይ ሲፈጥን ውሃውን ወደ ጎን ለመግፋት ጊዜ ያጣል። ውሃውም ከፊቱ ተከምሮ ሽቅብ ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የውሃው ግፊት በጎማው ውስጥ ካለው የነፋስ ግፊት ጋር ሲተካከል ጎማው ከመሬት ይነሳና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንዴም ማንም ፍሬን ሳይነካው ጎማው ጭራሽ መዞሩን ያቆማል። ያን ጊዜ መሪ ብታዞሩ፣ ፍሬን ብትረግጡ ትርጉም የለውም። ፍሬን እኮ መኪና አያቆምም፤ ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው፣ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ነው። ጎማው ደግሞ ከመንገዱ ጋር ተለያይቷል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጎሚስታው «ስንት ልሙላልህ?» ሲላችሁ የምትነግሩትን ቁጥር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ በ10.35 አባዙት፤ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት በሰዓት በማይል ይሰጣችኋል። ለ32 ወደ 58 ማይል ገደማ ይመጣል፤ ይህ በኪሎ ሜትር 94 አካባቢ ነው። ተንፍሶ 20 ለደረሰ ጎማ ግን 75 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሒሳቡ የሚሠራው የውሃው ጥልቀት የጎማው ቦይ ከሚችለው በላይ ሲሆን ነው፤ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ቀጭን ውሃን አሳልፎ ይሄዳል። መላጣው ግን የሚያሳልፍበት የለውም። «ክረምት ሲገባ መንገድ እንዲይዝ ነፋሱን ቀነስ አድርገው» የሚል ሹፌር አጋጥሞኛል። ለጭቃ ልክ ነው። ውሃ ለተኛበት አስፋልት ግን ልክ የተገላቢጦሹን ነው የመከረው።

አሁን ወደ እሽቅድምድሙ እንሂድ፤ የደረቁና የእርጥቡ ጠብ በግልጽ የታየው እዚያ ነው። ጥርስ አልባው ስሊክ ወደ ፎርሙላ አንድ የገባው በ1971 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ጥርስ ያለው ጎማ ይነዳ ስለነበር ዝናብ ሲመጣ እየተጠነቀቁ መቀጠል ይቻል ነበር። ከስሊክ በኋላ ግን ዝናብ ጠብ ሲል ጎማ መለወጥ ግድ ሆነ። የሹፌሩ ችሎታ ላይ አንድ አዲስ ነገር ተጨመረ፦ መቼ እንደሚለወጥ ማወቅ።

1976ን ውሰዱ። ኦገስት 1 ቀን፣ ጀርመን አገር፣ ኑርበርግሪንግ። አንዱ ዙር ብቻ ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጫካ ለጫካ የሚሄድ በመሆኑ አንዱ ጋ ውሃ አዝሎ ሌላው ጋ ደርቋል። ከአንድ ሹፌር በስተቀር ዋና ዋናዎቹ በዝናብ ጎማ ጀመሩ። አንድ ዙር ሳይሞላ መንገዱ መድረቁን አዩና ስሊክ ለማስገጠም ተሻሙ፤ የፌራሪው ኒኪ ላውዳም አንዱ ነበር። ስሊክ አስገጥሞ በወጣበት ዙር መኪናው ከመንገድ ወጥቶ በእሳት ተያያዘ። መንስኤው እስካሁን ያከራክራል፤ ብዙዎች የሚጠረጥሩት የመኪናውን የኋላ እግር መሰበር ነው። ሆስፒታል ቄስ መጥቶ የመጨረሻውን ጸሎት ጸለየለት። ሰውዬው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቁስሉ ሳይድን፣ ጣሊያን ሞንዛ ላይ ተመልሶ ነዳ።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ኦክቶበር 24 ቀን ጃፓን፣ ፉጂ ተራራ ሥር ነበር። ላውዳ 68 ነጥብ፣ የማክላረኑ እንግሊዛዊ ጄምስ ሀንት 65 ነጥብ ይዘዋል። ዝናቡ ዶፍ ነው፣ ጉሙም አለ፤ ውሃው በሜዳው ላይ ይወርዳል። ውድድሩ ዘገየ፣ ሊሰረዝም ምንም አልቀረው፤ በመጨረሻ ተጀመረ። ላውዳ ሁለት ዙር ነዳና መኪናውን አቁሞ ወረደ። የዝናብ ጎማ ተገጥሞለታል፤ ግን ለዚያ ሁሉ ውሃ የሚበቃ ቦይ በዓለም ላይ አልነበረም። እሱ ብቻ አይደለም፤ ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲን ጨምሮ ሌሎችም አቁመዋል። ፈሪ ያሉት ነበሩ። ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት በፊት የተቃጠለ ሰው እንዴት ፈሪ እንደሚባል እኔ አይገባኝም።

አሁን ደግሞ የታሪኩ ሌላ ወገን ይመጣል። ዝናቡ አባራ፤ መንገዱ መድረቅ ጀመረ። ሀንት አብዛኛውን ጊዜ ሲመራ ቆይቷል፣ ግን እግሩ ላይ ያለው የዝናብ ጎማ ነው። የዝናብ ጎማ ላስቲኩ በጣም ለስላሳ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው። ውሃው ሲሄድ ይግላል፣ እንደ ማጥፊያ ላጲስ እየተቆረሰ ያልቃል። ብልሆቹ ሹፌሮች ውሃ የቀረበትን ጥግ እየፈለጉ በዚያ ላይ በመንዳት ጎማቸውን ያቀዘቅዙ ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው የሀንት ጎማ ተነፈሰ። ገብቶ አስለወጠ፣ አምስተኛ ሆኖ ወጣ፤ በቀሩት ዙሮች ሁለቱን አልፎ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ውድድሩን በሎተስ ያሸነፈው ማሪዮ አንድሬቲ ነው። ሦስተኛነት አራት ነጥብ ያስገኛል፤ 69 ለ68። የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ነጥብ! በአንድ ከሰዓት አንዱ ከውሃው ብዛት የተነሳ ሻምፒዮናውን ተወ፤ ሌላው ከውሃው ማነስ የተነሳ ሊያጣው ምንም አልቀረው። ላውዳ በ1977 እና በ1984 መልሶ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2019 በሰባ ዓመቱ አረፈ።

ከዚያም በኋላ ትምህርቱ አላለቀም። ኤፕሪል 11 ቀን 1993 እንግሊዝ አገር ዶኒንግተን ላይ ዝናቡ ሲመጣ ሲሄድ፣ ከሁሉ የተሻለ መኪና የነበረው አሊን ፕሮስት ሰባት ጊዜ ጎማ ሊያስለውጥ ገባ፤ ሰማዩ በተለወጠ ቁጥር እሱም ተለወጠ። አይርተን ሴና ግን በእርጥቡ መንገድ አራተኛ ተነስቶ የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ መሪ ሆነ፤ አሸነፈም። በ1997 ሞናኮ ላይ ደግሞ ዊሊያምሶች «ዝናቡ ያባራል» የሚል ትንበያ አምነው ሁለቱንም መኪና በስሊክ አሰለፉ። አላባራም። ሚካኤል ሹማከር በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከስድስት ሰከንድ በላይ ጥሏቸው ሄደ። ከሁለቱ ዊሊያምስ አንዱም ለመጨረስ አልበቃም።

እነዚህ ሰዎች ሲሳሳቱ ጎማውን በሰከንድ የሚለውጥላቸው ጓድ ነበራቸው። እናንተና እኔ ግን ጠዋት በፀሐይ የወጣንበትን ጎማ ነው ማታ በዝናብ ይዘን የምንገባው።

ለተራው ሹፌር የሚሆነው ፈጣን ጎማ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስፋት ነው፤ ፒሬሊ በ1974 ለላንቺያ ስትራቶስ የራሊ መኪና ያዘጋጀው ፒ7 ሰፊ፣ ጎኑ አጭር ጎማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በፖርሽ እግር ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ስፖርት መኪና ያለ ሰፊ ጎማ አይታሰብም። ሰፊ ጎማ በደረቅ ላይ ግሩም ነው። በውሃ ላይ ግን ሰፊ መሆን ማለት ከፊት ለፊት የሚገፋው ውሃም ብዙ ነው ማለት ነው፤ ቀጭኑ ሰንጥቆ የሚያልፈውን ሰፊው ይወጣበታል። ሁለተኛው መንገድ በላስቲኩ ቅመም ነው። ሚሽላን በ1992 ከጥላሸቱ ላይ ቀንሶ ሲሊካ የሚባል ከአሸዋ ዘር የሆነ ዱቄት ያስገባበትን ጎማ ለገበያ አቀረበ። ቀደም ሲል በእርጥብ መንገድ የሚይዝ ላስቲክ ነዳጅ በሊታ ነበር፤ ሲሊካው ሁለቱን አስታረቀ። በኔ አስተያየት ከጥርሱ ቅርጽ ሁሉ የበለጠ የተራውን ሰው ሕይወት ያተረፈው ይኸኛው ነው፤ ግን ስለማይታይ ማንም አያወራለትም።

ሜሪላንድ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው። ገንዘብ አጠራቅሞ ያገለገለ ስፖርት መኪና ገዛና ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጎማውን ልለውጥ ነው፤ የደረቁን ልግዛ የዝናቡን?» አለኝ። መኪናው ላይ የመጣው ጎኑ ላይ 200 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ቦዩ ለምልክት ያህል ብቻ የተጫረ፣ ለእሽቅድምድም ሜዳ የተሠራ ጎማ ነበር። «እሽቅድምድም ሜዳ ስንት ጊዜ ሄደሃል?» አልኩት። «አንዴም።» «ከሥራ ስትወጣ ዝናብ ያገኘህስ?» ሳቀ። የዚያ አገር የበጋ ዝናብ የማታው ነጎድጓድ ነው፤ ቤልትዌዩ ላይ ውሃው በደቂቃ ይሞላል።

አሜሪካ ውስጥ ጎማ ጎን ላይ የሚጻፈው ቁጥር የዕድሜ መለኪያ ነው፤ 100 መነሻው ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ላስቲኩ ለስላሳ፣ ቶሎ አላቂ ነው። ፋብሪካው ራሱ ስለሚሰጠው የአንዱን ኩባንያ 300 ከሌላው 300 ጋር ማወዳደር ብዙ አያስኬድም። አጠገቡ ያለው «ኤኤ»፣ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» በእርጥብ መንገድ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያለውን ይዞታ ነው የሚለካው፤ በኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚንሳፈፍ አይናገርም። አውሮፓውያን ከኖቬምበር 2012 ጀምሮ በእርጥብ መንገድ መያዙን በፊደል የሚያሳይ ወረቀት እንዲለጠፍ አስገድደዋል፤ ከ2021 ወዲህ ደረጃው ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ነው። እኔ ብሆን ከዋጋው ቀድሜ የማየው ያንን ነው።

«የበጋ ስፖርት ጎማ ግዛ፤ ቦዩ ሙሉ የሆነውን» አልኩት። «ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ግን ላስቲኩ ይደርቃል፣ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፤ ለብርዱ ሌላ አራት ያስፈልግሃል። ሁለት ስብስብ መግዛት ካልቻልክ ለሁሉም ወቅት የተሠራውን የስፖርት ጎማ ያዝ።» «ጋሼ፣ እሱ እኮ ደረቅ ላይ ይቀንሳል!» አለኝ። አዎን ይቀንሳል። ግን ያቺ በደረቅ ላይ የምትቀንሰው ነገር ሕግ አክብሮ የሚነዳ ሰው ዓመቱን ሙሉ የማይነካት ትርፍ ናት። በእርጥብ ላይ የሚቀንሰው ግን ከዋናው ነው የሚነሳው።

ዕድሜውንም እንዲያይ ነገርኩት። ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለው፤ 2319 ካለ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ተዋናዩ ፖል ዎከር ኖቬምበር 30 ቀን 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጓደኛው በሚነዳው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ሲሞት መንገዱ ደረቅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የሸሪፍ ቢሮ ሪፖርት ምክንያቱ ፍጥነት መሆኑን ገልጾ የመኪናው ጎማዎች ግን የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ እንደነበራቸው፣ ይህም መኪናውን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ አድርጎት ሊሆን እንደሚችል ጠቅሷል። ጥርሱን አይቶ ብቻ «ገና አዲስ ነው» የሚል ሻጭ እዚህም እዚያም አለ።

አንድ የተከራከርንበት ነገር ነበር። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የገዛ ሰው የት ያስገጥም? ጎሚስታው ሁሉ «ፊት» ነው የሚለው፤ መሪው ያለው ፊት ነው ይላል። ጎማ ፋብሪካዎቹ ግን የሚመክሩት ኋላ ነው። ፊቱ ውሃ ላይ ቢንሳፈፍ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ተመልሶ ይይዛል። ኋላው ከተንሳፈፈ ግን መኪናው ይሽከረከራል፤ ያንን መልሶ የሚያቀና ሹፌር ጥቂት ነው።

ልጁ በመጨረሻ የበጋውን አራት ገዛ፤ ለብርዱ ደግሞ ያገለገሉ ቸርኬዎች ፈልጎ የክረምት ጎማ አስገጠመባቸው። የእሽቅድምድሙን አራት ጎማ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ለሚሄድ አንድ የሥራ ባልደረባው ሸጠለት። ከመሸጡ በፊት ግን ጎናቸው ላይ ያለውን አራት ቁጥር አሳየው። ሰውዬው ዋጋ አስቀነሰ።